ችግኝና አቤቱታ፤ በገጠር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስለሚሰጥ የአካባቢ ትምህርት የተደረገ የሕዝብ ንግግር



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ፣ በገጠር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚማሩ ልጆች የተወለዱበትን ምድርና ውሃ ጠባይ እንዲያውቁ፣ ዐውቀውም ስለ እርሱ በሕግ ፊት ቆመው እንዲናገሩ የምናስተምርበት መንገድ እንዴት ያለ ሊሆን ይገባዋል የሚል ነው። ነገሩ ሰፊ ስለ ሆነ፣ ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ በደፈናው ከመናገር ይልቅ ዐይናችንን በአንድ ስፍራ ላይ ብናሳርፍ ይሻላል ብዬ የጣና ሐይቅን ዳርቻ፣ ይልቁንም በደንቢያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል ያለውን ሀገር መርጫለሁ፤ በዚያ የሚማር ልጅ ከመጽሐፍ የሚያነበው ነገር ሁሉ ከቤቱ ደጅ ጀምሮ በግልጥ ይታየዋልና።

ጣና ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ይህን የሚያህል ውሃ ጥልቀቱም እንደ ስፋቱ ይሆናል ብሎ የሚገምት ቢኖር ግምቱ አይሰምርለትም፤ አማካይ ጥልቀቱ ከ8 እስከ 9 ሜትር፣ እጅግ የጠለቀው ስፍራም 14 ሜትር ያህል ብቻ በመሆኑ፣ መልኩ ከገንቦ ይልቅ ወደ ምጣድ ያደላል። ግልገል ዓባይ ከደቡብ፣ ጉማራና ርብ ከምሥራቅ፣ መገጭ ከሰሜን እየወረዱ ሲገቡበት፣ በዘመነ ክረምት ከውሃቸው ጋራ ከጉና ተራራ ጎንና ከጎንደር ደጋ የታጠበውን አፈር ተሸክመው ይመጣሉ። ስዊሳዊው የመልክዐ ምድር ሊቅ ሐንስ ሁርኒ ከብዙ ዓመት ምርመራ በኋላ እንደ ገመተው፣ በኢትዮጵያ ደጋ ከሚታረስ መሬት ከአንዱ ሄክታር በየዓመቱ በአማካይ 42 ቶን አፈር ይታጠባል፤ ይህም ከሦስት እስከ አራት ሚሊ ሜትር የሚሆን ውፍረት በመሆኑ፣ ገበሬው በአንድ ክረምት ዐይኑ ሊለየው የማይችል፣ በአርባ ዓመት የእርሻ ዕድሜው ግን ከልጁ ርስት ላይ ከ12 ሳንቲ ሜትር የማያንስ ሲሳይ የሚወስድ ጥፋት ነው። የተጠረገው አፈር ሁሉ ሐይቁ ውስጥ አይገባም፤ ብዙው በፎገራና በደንቢያ ሜዳ ላይ ይቀራል፤ የሜዳውም ጥቁር አፈር ልምላሜ ከዚሁ የመጣ ነውና፣ የላዩ ሀገር ጥፋት የታቹ ሀገር በረከት ሆኖ መኖሩን ልብ ያለው መምህር ለተማሪዎቹ ሳይሸሽግ ሊነግራቸው ይገባዋል። ፍትሕ የሚባለው ነገር በተፈጥሮ ትምህርት ውስጥ የሚገባው ከዚህ ላይ ነው።

ሐይቁ ራሱ ደግሞ ሌላ የማይተካ ሀብት ይዟል። የሀገሩ አጥማጅ በጅምላ ነጭ ዓሣ እያለ የሚጠራው ወገን፣ የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ቢመረምሩት፣ በሌላ የዓለም ክፍል ፈጽሞ የማይገኙ 15 ያህል ዓይነቶች በውስጡ እንዳሉ ታውቋል። ከእነዚህም ብዙዎቹ በክረምትና በክረምት መውጫ ወደ ርብ፣ ወደ ጉማራና ወደ መገጭ ሽቅብ ወጥተው በንጹሕ ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን የሚጥሉ በመሆናቸው፣ የወንዙ አፍ በመረብ ሲዘጋ፣ ወይም ውሃው በብርብራ ፍሬ ሲመረዝ፣ ወይም ጠጠሩ ለግንባታ ተዝቆ የቀረውም በደለል ሲሸፈን፣ የሚጠፋው የአንድ ዓመት ምርት ሳይሆን የዘር ሐረግ ይሆናል። ከባሕር ዳር ርቆ በወንዙ ዳር የሚማር ልጅም፣ ሐይቁን በዐይኑ አይቶ ባያውቅ እንኳ፣ የሐይቁ ዓሣ የሚወለደው በእርሱ መንደር መሻገሪያ አጠገብ መሆኑን ሲረዳ የሚሰማው ኩራት ቀላል አይደለም።

ሐይቁን ስለ ወረረው አረም፣ ስለ እምቦጭ፣ ሁላችሁም የሰማችሁ ስለ ሆነ ነገሩን አላስረዝመውም። ከደቡብ አሜሪካ የተነሣው ይህ አረም በሀገራችን በ1957 ዓ.ም. ገደማ በቆቃና በአዋሽ መታየቱ ተመዝግቧል፤ በጣና ላይ መኖሩ በይፋ የታወቀው ግን በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። ሁኔታው ሲስማማው በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ተቀብሮ እስከ 20 ዓመት ያህል ሳይሞት ይቆያል። ምግቡ በውሃ ውስጥ የሟሟ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ነው፤ ይኸውም ከታጠበው አፈር፣ ከማሳ ከሚተርፈው ማዳበሪያና ከከተሞች ፍሳሽ የሚመጣ ነው። ዩኔስኮ በሰኔ 2007 ዓ.ም. የጣናን አካባቢ በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ ላይ ሲያሰፍረው፣ አረሙ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ተንሰራፍቶ ነበርና፣ ክብሩና ደዌው በአንድ ዘመን ደረሱ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ መነኩሴውም፣ ገበሬውም፣ ተማሪውም እስከ ወገቡ ውሃ ገብቶ አረሙን በእጁ ሲነቅል አይተናል። የሚያስመሰግን ትጋት ነው፤ ሆኖም በጣና ዳር የቢልሃርዚያ በሽታ ያለ መሆኑን እያወቅን ልጆችን በባዶ እግር ወደዚያ ውሃ ማስገባታችን፣ በዚህ አጋጣሚ ሳልናገረው ላልፍ የማልወድደው ነገር ነው።

እንግዲህ ወደ ትምህርት ቤቱ እንመለስ። የአካባቢ ትምህርት እየተባለ በገጠር ትምህርት ቤቶቻችን የሚሠራው ነገር በግብር ሲታይ ሁለት ሥራ ነው፤ በሐምሌ ችግኝ መትከል፣ በጥቅምት እምቦጭ መንቀል። በሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላው ሀገር በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደ ተተከለ በይፋ በተነገረ ጊዜ፣ ከተከሉት እጆች ብዙዎቹ የተማሪ እጆች ነበሩ። በጎ ሥራ ነው፤ የሚነቅፈውም ሰው ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን መትከልም መንቀልም የጉልበት ሥራ ነው፤ ጉልበትም ገበሬው ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ሳይልክ በቤቱ የሚያገኘው ነገር ነው። አባት ከሞፈርና ከቀንበር ሥራ ልጁን አስለቅቆ፣ የቤት ኪራይና የደብተር ገንዘብ ከጎተራው ሸጦ፣ ዐሥርና ዐሥራ ሁለት ዓመት ካስተማረው በኋላ፣ ልጁ ለምድሩ የሚያደርገው አገልግሎት ፊደል ያልቈጠረው ወንድሙ ከሚያደርገው የማይለይ ከሆነ፣ ትምህርቱ ምን ጨመረለት? የተማረ ሰው ከጉልበቱ ሌላ ሊሰጥ የሚችለው ነገር አለው፤ ይኸውም የለካውን መጻፍ፣ የጻፈውን ከሕግ ጋር ማገናኘት፣ ያገናኘውንም ለሚገባው ሹም አቅርቦ መልሱን መጠበቅ ነው። ችግኝ መትከልን ያስተማርነውን ተማሪ አቤቱታ መጻፍን አላስተማርነውም፤ የዛሬ ንግግሬም ስለዚህ ጉድለት ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በጥቅምት 1970 ዓ.ም. ዩኔስኮ ከተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ መርሐ ግብር ጋራ በጆርጂያ ዋና ከተማ በትብሊሲ በሰበሰበው ጉባኤ፣ የዚህ ትምህርት ዓላማ በአምስት ደረጃ ተወስኖ ነበር፤ መንቃት፣ ማወቅ፣ በጎ ዝንባሌ፣ ክሂሎት፣ በመጨረሻም ተሳትፎ። እኛ ከሁለተኛው ደረጃ ላይ ቆመን፣ በአምስተኛው ስም የጉልበት ዘመቻውን ተክተን ኖረናል።

ምናልባት አንድ ሰው፣ ይህ አቤቱታ የምትለው ነገር የውጭ ሀገር ልማድ ነው፤ የእኛ አባቶች ደኑንና ውሃውን የጠበቁት በሃይማኖት ፍርሃት ነው ይለኝ ይሆናል። መልካም፤ እስቲ ወደ ዘጌ እንሂድ። በትውፊት እንደሚነገረው፣ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን በሦስት ከፍለው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ፤ ሕዝቡም በእነዚህ ፍሬ እየኖረ ምድሩን በበሬ እንዳያርስ ታዘዘ፤ የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት በዙሪያው ያለው ሀገር ሲራቆት በደን ተሸፍኖ የቀረውም በዚሁ ሥርዐት ነው። በደቡብ ጎንደርም ከሺህ በላይ የሚሆኑ አብያተ ክርስቲያናት በዐጸዳቸው ውስጥ የቀድሞውን የደጋ ደን ቅሬታ ይዘው ይገኛሉ፤ የደን ሊቁ ዓለማየሁ ዋሴ ካጠናቸው በኋላም፣ በብዙ ስፍራ ምእመናኑ ከማሳቸው በለቀሙት ድንጋይ ዙሪያውን እያጠሩ ከብት እንዳይገባበት አድርገዋል። እነዚህን ደኖች የጠበቃቸው ፍርሃት ብቻ ነው ማለት ግን አባቶቻችንን ማሳነስ ነው። ድንበሩ የታወቀ ነበር፤ ሕጉ ለሽማግሌውም ለእረኛውም የታወቀ ነበር፤ የሚጥሰውን ሰው ደግሞ፣ ባለጸጋም ቢሆን፣ በጉባኤ ፊት አቁሞ የሚወቅስ አንደበት ነበር። ከደብሩ ቅጥር ውጭ ያለው ወንዝና ረግረግ ግን እንዲህ ያለ የታወቀ ሕግና እንዲህ ያለ አንደበት ስላልነበረው፣ የሁሉም ሆኖ ሳለ የማንም ሳይሆን ቀረ። ሙግትንስ ማን ከውጭ አመጣልን? በሽማግሌዎች ሸንጎ ሥር ቁጭ ብሎ ያደገ የገጠር ልጅ፣ ነገር እንዴት እንደሚከፈት፣ ምስክር እንዴት እንደሚቈጠር፣ ዋስ እንዴት እንደሚጠራ ከከተማው ልጅ ይልቅ ያውቃል፤ የጎደለው ይህን የአባቱን ጥበብ ከወረቀትና ከዐዋጅ ቁጥር ጋራ የሚያዛምድለት መምህር ነው።

ከጎረቤታችን ከኬንያ አንድ ምስክር ልጥራ። ዋንጋሪ ማታይ በኒዬሪ ደጋ ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወልዳ ሥነ ሕይወትን ያጠናች ሴት ስትሆን፣ በ1969 ዓ.ም. የአረንጓዴ ቀበቶ የተባለውን እንቅስቃሴ ጀምራ የገጠር ሴቶች ችግኝ እንዲያፈሉ አደረገች። ዓለም የሚያውቃት በችግኙ ነው። ሆኖም በ1982 ዓ.ም. በናይሮቢ መካከል በሚገኘው በኡሁሩ መናፈሻ ላይ 60 ፎቅ የሚሆን ሕንጻ ሊሠራ በታሰበ ጊዜ፣ መሣሪያዋ አካፋ ሳይሆን ብዕር ነበር፤ ሕንጻውን ሊያሠራ ላሰበው አሳታሚ ድርጅት፣ ለፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት፣ ለከተማው አስተዳደር፣ ለዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤቶችም በየተራ ደብዳቤ ጻፈች። በምክር ቤት ተሰደበች፤ እንቅስቃሴዋም ከመሥሪያ ቤቱ እንዲለቅ ተደረገ፤ ሕንጻው ግን ሳይሠራ ቀረ፤ መናፈሻውም ዛሬ አለ። በ1997 ዓ.ም. የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲሰጣት፣ ሽልማቱ የተሰጣት ለዛፉ ብቻ እንዳልነበረ የታወቀ ነው። እኛ ከእርስዋ ሥራ እኩሌታውን ወስደን እኩሌታውን ትተናል።

የሀገራችን ሕግ ምን ይላል? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሰዎች ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው ደንግጎ፣ በአንቀጽ 92 ደግሞ በቀጥታ በሚነካው የአካባቢ ፖሊሲና ሥራ ላይ ሕዝቡ ሐሳቡን የመግለጥ መብት እንዳለው፣ ጥበቃውም የመንግሥትና የዜጎች የጋራ ግዴታ እንደ ሆነ ይገልጣል፤ አቤቱታ የማቅረብም መብት በአንቀጽ 30 ተጽፏል። ይህን ያህሉን ተማሪዎቻችን በሥነ ዜጋ ትምህርት ሰምተውታል፤ ለፈተናም ያጠኑታል። ከዚህ በታች ያለውን ግን፣ ማለት ሕጉ እጅና እግር አግኝቶ የሚሄድበትን ክፍል፣ በገጠር ከሚያስተምሩ መምህራን ጋራ በተነጋገርኩ ቍጥር የሚያውቀው ጥቂት ሆኖ አግኝቸዋለሁ። በ1995 ዓ.ም. የወጡ ሁለት ዐዋጆች አሉ። ቁጥር 299 የሆነው፣ ትልቅ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በአካባቢ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እንዲመረመር፣ የምርመራውም ጽሑፍ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል። ቁጥር 300 የሆነው ስለ ብክለት ቁጥጥር የወጣው ሲሆን፣ በአንቀጽ 11 ላይ ያስቀመጠው ሥርዐት በሀገራችን የሙግት ታሪክ እንግዳ ሊባል የሚችል ነው፤ ማንኛውም ሰው፣ በነገሩ የግል ጥቅሙ የተነካ መሆኑን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ በአካባቢ ላይ ጉዳት የሚያደርሰውን ወይም ሊያደርስ የሚችለውን ሰው በመቃወም ለአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል፤ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ሳይሰጥ ቢቀር፣ ወይም አቤት ባዩ በውሳኔው ባይረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤት ክስ ማቅረብ ይችላል። መሬቱ የእኔ ነው፣ ወንዙ በደጄ ያልፋል ማለት አያስፈልገውም ማለት ነው። ይህን የሚያህል የተከፈተ በር በሕግ ተሠርቶ ሳለ፣ የሚገባበት ሰው መጥፋቱ የሕጉ ጥፋት አይደለም። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሠላሳውንና ስድሳውን ቀን በቃሉ ቢይዝ፣ ከብዙ የትርጓሜ ጥናት ይልቅ ይጠቅመዋል እላለሁ።

ይሁን እንጂ አቤቱታ ያለ ማስረጃ ጩኸት ነው። ስለዚህ የትምህርቱ መጀመሪያ መለካት መሆን አለበት፤ በዚህም የገጠሩ ተማሪ የከተማው ልጅ የሌለው ዕድል አለው። ከሩቅ ቀበሌ መጥቶ በወረዳው ከተማ በኪራይ ቤት የሚኖር ተማሪ፣ በየሳምንቱ ቅዳሜ ወደ ወላጆቹ ሄዶ እሑድ ማታ እንጀራውንና በሶውን ስንቅ አድርጎ ይመለሳል። በትምህርት ዘመኑ ከሠላሳ ጊዜ በላይ ያንኑ መሻገሪያ፣ ያንኑ ቦረቦር፣ ያንኑ ረግረግ ያያል። በደመወዝ የተቀጠረ ባለሙያ እንኳ በአንድ ወንዝ ላይ ይህን ያህል ጊዜ አይመላለስም። እንግዲህ ይህ መንገደኛ አንድ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ከከረጢቱ ጨምሮ፣ ከመሻገሪያው ሞልቶ አምጥቶ፣ ሌሊቱን አስቀምጦ በማግሥቱ ከሥሩ የዘቀጠውን ጭቃ በማስመሪያ ቢለካ፣ ከመስከረም እስከ ሰኔ የወንዙን ጠባይ የሚናገር መዝገብ ይኖረዋል። በሐይቁ ዳር ያለው ተማሪ ደግሞ በነጭ ቀለም የተቀባ ክብ ቆርቆሮ በገመድ አስሮ ወደ ውሃው እያወረደ ከዐይኑ የሚሰወርበትን ጥልቀት ይመዘግባል፤ ይህ የልጅ ጨዋታ የሚመስለው መለኪያ ጣልያናዊው ካህንና የከዋክብት ሊቅ አንጄሎ ሴኪ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1865 ከሮማው ጳጳስ መርከብ ላይ የፈተነው ሲሆን፣ እስከ ዛሬም በዓለም ላይ ያሉ የሐይቅ መርማሪዎች ይሠሩበታል። ቀጥ ያለ ጣሳ የዝናብ መለኪያ ይሆናል። በመዝገቡም ላይ ሦስት ዓምድ ይሠመር፤ ያየሁት፣ የሰማሁት፣ የገመትሁት። ሦስቱን ሳይቀላቅል መጻፍ የለመደ ልጅ፣ ወደፊት ዳኛ ቢሆን፣ ሐኪም ቢሆን፣ ወይም ወደ አባቱ እርሻ ቢመለስ፣ ልማዱ አብሮት ይሄዳል።

ከሁሉ የሚከብደው ጉዳይ ወደዚህ ሲደርስ ይመጣል፤ በዚህም ላይ ጥቂት እንድዘገይ ፍቀዱልኝ። ተማሪው ለክቶና መርምሮ ሲጨርስ፣ የጥፋቱን ምንጭ ሲከታተል፣ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የሩቅ ፋብሪካ አይደለም፤ የራሱን አባት ነው። በጥቅምትና በኅዳር ሐይቁ ወደ ኋላ ሲመለስ የሚገለጠውን መሬት፣ ባሕር ሸሽ የሚሉትን፣ ገበሬው ተከትሎ ያርሰዋል፤ ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል፤ በፎገራ በኩልም ሩዙ በደርግ ዘመን ከገባ ወዲህ ረግረጉ እየተቀየሰ ማሳ ሆኗል። በዚያ ስፍራ ይበቅል የነበረው ደንገል፣ ታንኳ የሚታሰርበት፣ ዓሣ የሚደበቅበት፣ ከሁሉም በላይ ከወንዝ የሚመጣውን ደለል አጣርቶ የሚያስቀር ነበረ። ደንገሉ ተቈርጦ ሲቃጠል ደለሉ ያለ ከልካይ ወደ ሐይቁ ገባ። የዚያ ሽምብራ ዋጋ ደግሞ ለዚሁ ተማሪ የቤት ኪራይ ተከፍሏል፤ ዩኒፎርሙም የተገዛው በእርሱ ነው። ታዲያ መምህሩ ልጁን ምን ይለዋል? አባትህ የሀገር ጠላት ነው ይበለው? እንዲህ ያለ ትምህርት በአንድ ሴሚስተር ቤት ያፈርሳል እንጂ ሐይቅ አያድንም፤ አባትም ልጁን ከትምህርት ቤት ቢያስቀር አልፈርድበትም።

እኔ የሚሻል የሚመስለኝ መንገድ አባትን ከተከሳሽ ወንበር አስነሥቶ በምስክር ወንበር ማስቀመጥ ነው። ተማሪው ማስታወሻውን ይዞ ወደ አባቱና ወደ አያቱ ሄዶ፣ በእናንተ ልጅነት ደንገሉ እስከ የት ነበረ፣ ርብን በየትኛው ወር ትሻገሩት ነበር፣ አምባዛና ቀረሶ በአንድ ሌሊት መረብ ስንት ይያዝ ነበር ብሎ ይጠይቅ። የተናገሩትን በስማቸው ይጻፍ፤ ምልክቱን አብረው ሄደው በመሬቱ ላይ ያሳዩት። አዛውንቱ የጠፋውን ነገር በራሱ አንደበት ሲቈጥረው፣ ማንም ሳይወቅሰው ነገሩ ይገባዋል። ከዚያ በኋላ የሚጻፈው አቤቱታ፣ ገበሬው ይቀጣ የሚል ሳይሆን፣ ከውሃው ጠርዝ ይህን ያህል እርምጃ ስፍራ ለደንገል ይተው፣ ድንበሩ በቀበሌው ጉባኤ ይወሰን፣ ስፍራውን ለለቀቀውም የመኖ ወይም የሌላ መሬት ምትክ ይታሰብለት የሚል ይሆናል፤ በዚያም ላይ የአባትየው የጣት አሻራ ይታተምበታል። ልጁ የጻፈውን አባቱ ሲያትምበት፣ ከሁለቱ ትውልድ የትኛው የትኛውን እንዳስተማረ ለመናገር ያስቸግራል። በደጋውም እንዲሁ ነው፤ በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ዐዋጅ ቁጥር 456 በ2016 ዓ.ም. በሌላ ዐዋጅ እስኪተካ ድረስ፣ ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል ይከለክል ነበር፤ ነገር ግን ይህን መሬት የሚያርሰው ብዙ ጊዜ ሌላ መሬት ያልደረሰው ወጣት ጎጆ ወጪ መሆኑን ያላሰበ አቤቱታ ፍሬ አይኖረውም።

ስለ አጻጻፉ ጥቂት ልበል። በየመሥሪያ ቤቱ የሚገባው አቤቱታ ብዙውን ጊዜ በምርቃት ተጀምሮ በልቅሶ የሚያልቅ፣ በመካከሉ ምን እንደሚፈለግ የማይታወቅ ጽሑፍ ነው። ተማሪው ሊማረው የሚገባው ከአንድ ገጽ የማያልፍ አጻጻፍ ነው፤ ለማን እንደ ተጻፈ፤ ጉዳዩ በአንድ መስመር፤ ስፍራው፣ ቀኑና የተለካው ነገር፤ የተጣሰው የሕግ አንቀጽ፤ የሚለመነው አንድ ነገር፤ በስተመጨረሻ ፊርማና ግልባጭ የሚደረግላቸው። ግልባጩ ሁለት ወይም ሦስት ቢሆን በቂ ነው፤ ለዐሥራ አምስት መሥሪያ ቤት የተገለበጠ ደብዳቤ የማንም ኀላፊነት ሳይሆን ይቀራል። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥርና ቀን ሳይጻፍበት፣ የተማሪዎቹም ቅጂ ማኅተም ሳያርፍበት ከበሩ መመለስ አይገባም፤ ሠላሳው ቀን የሚቈጠረው ከዚያ ማኅተም ነውና። የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያም፣ በየማለዳው በሰልፍ ጊዜ ከሚያነበው ጥቅስ ጋራ፣ ዛሬ ዐሥራ ሁለተኛው ቀን ነው፣ ዛሬ ሃያኛው ነው እያለ ቢያሰማ መልካም ነው። እንዲህ ያለው ቈጠራ ማንንም አይሰድብም፤ ግን ይሰማል።

አደጋ የለበትም ወይ? አለበት። መምህሩ የዚያው ወረዳ ደመወዝተኛ ነው፤ የማይወደድ አቤቱታ ያስጻፈ መምህር በማግሥቱ ወደ ሩቅ ቀበሌ መዛወሩ በሀገራችን የማይታወቅ ነገር አይደለም። በሌላ በኩል ደግሞ፣ ልጆችን ለጎረቤት ቂም፣ ለድንበር ጠብ ወይም ለወገን ፖለቲካ መሣሪያ ለማድረግ የሚፈልግ ሰው አይጠፋም። ስለዚህ ማናቸውም አቤቱታ በአንድ መምህር ወይም በአንድ ተማሪ ስም ሳይሆን በትምህርት ቤቱ የአካባቢ ክበብ ስም ተጽፎ፣ በወላጆችና መምህራን ኅብረት ፊት ተነብቦ፣ የወላጆች ፊርማ ታክሎበት እንዲወጣ እመክራለሁ፤ የሰው ስም ያለበት ክስም ሳይሆን የስፍራና የመጠን ማስረጃ ያለበት ይሁን። ሹማምንቱም፣ በዚህ አዳራሽ ያላችሁት ጭምር፣ አንድ ነገር እንድታስቡ እለምናለሁ፤ ለክቶ፣ ሕግ ጠቅሶ፣ ቀን ቈጥሮ የሚጠብቅ ወጣት፣ ተስፋ ቈርጦ ድንጋይ ከሚያነሣው ወጣት ይልቅ ለመንግሥት እንደሚሻል ያለፉት ዓመታት በሚገባ አስተምረውናል።

በሀገሩ ላይ ከደረሰው ጦርነትና የጸጥታ መጓደል የተነሣ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ልጆች ከነደብተራቸው በቤት ተቀምጠው በቈዩበት በዚህ ዘመን፣ ስለ ክበብና ስለ መዝገብ መናገር ቅንጦት የሚመስለው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን መለካቱ ደወል አይጠብቅም፤ በቤቱ የተቀመጠ ተማሪ ጣሳውን በአጥር ጥግ አቁሞ የክረምቱን ዝናብ ሊመዘግብ፣ ከመሻገሪያውም ውሃ ሊቀዳ ይችላል፤ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ይዞት የሚመጣው መዝገብ ከባዶ እጅ ይሻላል።

የሚቀረኝ ስለ መዝገቡ አያያዝ ነው። ክበቦቻችን የሚሞቱት ብዙውን ጊዜ መሪያቸው ዐሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ሲሄድ ደብተሩን ይዞት ስለሚሄድ ነው። ስለዚህ መዝገቡ የክበቡ ሊቀ መንበር ሳይሆን የትምህርት ቤቱ ንብረት ሆኖ፣ በቤተ መጻሕፍቱ ቁጥር ተሰጥቶት፣ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች በሰኔ ለዘጠነኛዎቹ በፊርማ ያስረክቡት። የአምስት ዓመት ተከታታይ መዝገብ ያለው ትምህርት ቤት፣ ወረዳው ዕቅድ ሲያወጣ ሊጠየቅ የሚገባው ምስክር ይሆናል። ሥራው የሚጀመርበት ጊዜም ቢሆን ምርጫ የለውም፤ በመስከረም መጀመሪያ ወንዞቹ ገና ደፍርሰው ሳለ ነው፤ የመማሪያ መጻሕፍት እስኪከፋፈሉና የክበብ ምርጫ እስኪደረግ የጠበቀ መምህር ውሃው ከጠራ በኋላ ይደርሳልና፣ የመጀመሪያው ፕላስቲክ በመጀመሪያው የትምህርት ሳምንት ይሞላ።